ስሙን ከፋይሉ ማውጣት ብቻ ይበቃል?

ፋይሏን የያዘችው (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምሠራው መንግሥት በሚያካሂደው የቤት ለቤት የዳሰሳ ጥናት ላይ ነው። አምና መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። ታብሌት ይዤ በር እያንኳኳሁ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ቢሮ አስገቡኝና ያንኑ መረጃ የማጽዳት ሥራ ሰጡኝ። አሁን ፋይሉ ማንም ሰው ሊያወርደው በሚችል መልኩ ኢንተርኔት ላይ ሊለቀቅ ነው። በዚህ ቅሬታ የለኝም። በሕዝብ ገንዘብ የተሰበሰበ መረጃ መሳቢያ ውስጥ መቅረት የለበትም።

የተሰጠኝ መመሪያ አንድ መስመር ነው፦ "ስምና ስልክ ቁጥር ያለበትን ዓምድ ሰርዘሽ አስረክቢ።"

ሰረዝኩት። ከዚያ ፋይሉን ወደ ታች ሳይ አንድ ረድፍ ላይ ቆምኩ። ሴት፣ ዕድሜ 34፣ ባሏ የሞተባት፣ ሙያ ሐኪም፣ ሦስት ልጆች፣ ሦስቱም 6 ዓመታቸው፣ ከዚያ የአካባቢው ኮድ። ስም የለም። ግን ማን እንደሆነች ወዲያው አወቅኩ። በዚያ አካባቢ ሦስት ልጆች በአንዴ የወለደች ሐኪም እሷ ብቻ ናት፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል። ወደ ቀኝ ስሄድ ደግሞ ገቢዋ አለ፣ ዕዳዋ አለ፣ የምትወስደው መድኃኒት አለ፣ በዚያ ዓመት ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣች አለ።

ያን ቀን መልስ ከመጀመሯ በፊት "ይሄ ለማንም አይሰጥም አይደል?" ብላኝ ነበር። "አይሰጥም" አልኳት። መጠይቁ ላይ የተጻፈውን አንብቤላት አልነበረም፣ ዓይኗን እያየሁ ነው ቃል የገባሁላት።

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደሉም። "አንቺ ራስሽ ስለጠየቅሻት ነው ያወቅሻት፣ ሌላው ሰው በምን ያውቃታል?" አሉኝ። ልክ ናቸው? ካልሆኑስ ከስሙ ሌላ ምን ላውጣ? አንድ ሳምንት አለኝ።

ቁጥር ወዳድ፦

አይበቃም። አለቃሽ ብቻቸውን አይደሉም፣ እንደሳቸው የሚያስብ ብዙ ነው። ግን መጠየቅ ያለበት ስም አለ ወይስ የለም የሚለው አይደለም። ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የተፋታ የትዳር ጓደኛ ይሄን ረድፍ ቢያይ "እሷ ናት" ይላል ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው። ሰውን የሚያውቅ ሰው ስሙን አይፈልግም።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ፣ ለአለቃሽም ንገሪያቸው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መረጃ ስምና አድራሻው ወጥቶ ለተመራማሪዎች ተሰጠ። ላታንያ ስዊኒ፣ ያኔ ገና ተማሪ ነበረች፣ የግዛቱ ገዥ ዊልያም ዌልድ የሚኖሩበትን የካምብሪጅ ከተማ የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዛች። መዝገቡ ላይ ስም፣ የፖስታ ቁጥር፣ የልደት ቀንና ፆታ ነበር። የፖስታ ቁጥሩ፣ የልደት ቀኑና ፆታው ሕክምናው ፋይል ላይም ቀርተው ነበር። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ከገዥው ጋር በአንድ ቀን የተወለዱ 6 ሰዎች ተገኙ። ከእነሱ ወንዶቹ 3 ናቸው። በገዥው የፖስታ ቁጥር የሚኖር ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ራሳቸው ገዥው። የሕክምና መረጃቸው በእጇ ገባ ማለት ነው።

በኋላ በ2000 ባወጣችው ጽሑፍ ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶ የሚሆነውን በልደት ቀን፣ በፆታና በፖስታ ቁጥር ብቻ ነጥሎ መለየት ይቻላል ብላ ገመተች። በ2006 ሌላ ተመራማሪ እንደገና ሲያሰላው 63 በመቶ አገኘ። ትንሹን ቁጥር ብንወስድ እንኳን ከግማሽ በላይ ነው፣ ያውም በሦስት ዓምድ። አንቺ ፋይል ላይ ስንት ዓምድ አለ?

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ሌላ ሰው ከውጭ ሊያውቃቸው የሚችሉትን ዓምዶች ለይ፦ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሙያ፣ የትዳር ሁኔታ፣ የልጆች ቁጥር፣ አካባቢ፣ ቋንቋ፣ አካል ጉዳት። እነሱን አንድ ላይ አድርገሽ ስንት ረድፍ ብቻውን እንደቆመ ቁጠሪ። ብቻውን የቆመ ረድፍ ካለ ዕድሜን በአምስት ወይም በአስር ዓመት ክልል ሰብስቢው። "ሐኪም" የሚለውን "የጤና ባለሙያ" በሚል ሰፋ አድርጊው። የልጆችን ዕድሜ በዓመት አታስቀምጪ። የአካባቢ ኮዱን ወደ ክልል ደረጃ አውጪው። በጣም ከፍተኛ ገቢን "ከዚህ በላይ" ብለሽ ዝጊው፣ ምክንያቱም የአካባቢው ሀብታም ሁልጊዜ ይታወቃል። ሁሉንም ካደረግሽ በኋላ እንደገና ቁጠሪ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ሰዎች የሚረሷቸው ደግሞ አሉ፣ እኔን ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። "ሌላ ካለ ይግለጹ" የሚለውን ዓምድ አንድ በአንድ አንብቢው። መረጃ ሰብሳቢው እዚያ ላይ የሰው ስም፣ የመሥሪያ ቤት ስም፣ አንዳንዴ ስልክ ሳይቀር ይጽፋል። ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቀንና ሰዓት፣ የታብሌቱ ቁጥር፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ የመረጃ ሰብሳቢው ኮድ ሁሉም ይውጣ። የቤተሰቡ መለያ ቁጥር ውስጥ የቀበሌው ኮድ ተደብቆ ካለ በአዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ቀይሪው። ረድፎቹንም በውዢያቸው፣ በቤት ቅደም ተከተል ከተቀመጡ ጎረቤት ከጎረቤት ይጠቋቆማል። የናሙና ክብደቱንም (አንድ ረድፍ ስንት ሰው እንደሚወክል የሚያሳየውን ቁጥር) እዪው። በአንድ መንደር ያሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ክብደት ካላቸው ያ ቁጥር ራሱ የአድራሻ ኮድ ሆነ ማለት ነው።

ሰባት ዙር፦

ቁጥር ወዳድ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን እህቴ፣ ሰባት ዙር መስክ የወጣሁ ሰው ነኝና ስለ በሩ ልናገር። ሚስጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከኮምፒውተር አይደለም።

መጀመሪያ የወጣሁበት ጥናት ላይ የአካባቢው አስተባባሪ ቤቶቹን ሊያሳየን አብሮን ይዞር ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ለመርዳት ነው የመጣው። ግን ሲያደርሰን አይመለስም፣ ቁጭ ብሎ ይሰማል። አንዲት እናት ባሏ ይመታት እንደሆነ ስጠይቃት ሰውዬው ከጎኔ ነበር። "የለም፣ ደህና ነን" አለችኝና መሬት መሬት ማየት ጀመረች። እኔም "የለም" ብዬ መዘገብኩ። ያ መልስ ውሸት እንደሆነ አውቅ ነበር፣ እንድትዋሽ ያደረግናት ደግሞ እኛ ነን። በነጋታው አስተባባሪው ባሏን "ስለ አንተ እየጠየቁ ነበር" ቢለውስ? ይሄን ሳስብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

በኋላ በደንብ የተደራጁ ጥናቶች እንዴት እንደሚሠሩ አየሁ። በብዙ አገሮች በሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የቤት ውስጥ ጥቃት ክፍል የሚጠየቀው ከአንድ ቤት ለአንዲት ሴት ብቻ ነው፣ ያውም በዕጣ ተመርጣ። ሌላዋ ሴት ያንን ጥያቄ ስላልተጠየቀች ወሬው በቤቱ አይዞርም። ብቻዋን ካልሆነች አይጠየቅም። መሐል ላይ ሰው ከገባ ጠያቂዋ ርዕስ ትቀይራለች፣ ብቻቸውን መሆን ካልቻሉ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ባዶ መልስ ከውሸት መልስ ይሻላል፣ ከተጎዳች ሴት ደግሞ በብዙ እጥፍ ይሻላል።

እዚያው ጥናት ላይ የሚደረገውን ሁለት ነገር ልጨምር። የመንደሮቹ የጂፒኤስ ነጥብ ለተመራማሪ ሲሰጥ ሆን ተብሎ ይንቀሳቀሳል፣ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሮቹ 1 በመቶው ደግሞ እስከ 10 ኪሎ ሜትር። የትኛው ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ አይነገርም። የኤችአይቪ ምርመራ ሲኖር ደግሞ የደሙ ናሙና በባርኮድ ብቻ ነው የሚሄደው፣ የመንደሩና የቤቱ ኮድ ከተቀየረ በኋላ ነው ውጤቱ ከመልሶቹ ጋር የሚጣመረው። ተመልሶ ወደ በሩ የሚወስድ መንገድ እንዳይኖር ነው።

ስለዚህ ቢሮሽን ስትጠይቂ ይሄንንም ጠይቂ። ታብሌቶቹ የይለፍ ቃል አላቸው? መረጃው ከተላከ በኋላ ታብሌቱ ላይ ይቀራል? መረጃ ሰብሳቢዎች ማታ ማታ በቴሌግራም ግሩፕ የመጠይቅ ፎቶ ይላላኩ ነበር ወይ? እኛ ጋ ይደረግ ነበር። ማንም በክፋት አላደረገውም፣ "ይሄን እንዴት ልሙላው?" ብሎ ለመጠየቅ ነው። ፎቶው ላይ ግን የሰው ስም አለ። እስካሁን በስንት ሰው ስልክ ላይ እንዳለ እግዜር ይወቀው።

የምጠቀምበት፦

እኔ ከሌላው ወገን ነኝ፣ እንዲህ ዓይነት ፋይል አውርጄ የምሠራ ሰው ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ልከራከር።

ሁሉም ሲያወራ ስለ መደበቅ ነው። እሺ። ግን ዕድሜውን በአስር ዓመት ሰብስባችሁ፣ አካባቢውን ወደ ክልል አውጥታችሁ፣ ሙያውን አጠቃላችሁ ስትሰጡኝ የሚቀረኝ ምንድነው? ክትባት ያላገኙ ሕፃናት የት እንዳሉ ማወቅ እፈልጋለሁ። "በክልሉ ውስጥ" የሚል መልስ ለማን ይጠቅማል? የጤና ጣቢያ የሚሠራው በክልል አይደለም፣ በአንድ የተወሰነ ቦታ ነው። ትናንሽ ማኅበረሰቦች ደግሞ "ቁጥራቸው አነስተኛ ስለሆነ" እየተባለ ሁልጊዜ ከሰንጠረዡ የሚወጡት እነሱ ናቸው። በቁጥር ያልታየ ሰው በጀትም አያይም። መልስ የሰጡት ሰዎች ጊዜያቸውን የሰጡን እንዲጠቅማቸው ነው፣ ያም እኮ ቃል ነው።

ደግሞ በእውነት ልጠይቅ፣ አንድ ሰው ዕድሜውና የቤቱ ስፋት ቢታወቅ ማን ምን ያደርገዋል?

የድሮ መዝገብ፦

ለመጨረሻው ጥያቄ እኔ ልመልስ። (እኔም ወሩንም ዓመቱንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1940 አሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ አደረገች። ሕጉ መልሱ ሚስጥር ነው ይል ነበር። በኋላ አገሪቱ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባች። በመጋቢት 1942 በወጣ የጦርነት ጊዜ ሕግ ሚስጥርነቱ ታገደ። በዚያው ዓመት ከጃፓን የዘር ሐረግ ያላቸው ከ110 ሺህ በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተነስተው ካምፕ ገቡ፣ አብዛኛዎቹ የአገሪቱ ዜጎች ነበሩ። የቆጠራ ቢሮው የት የት ሰፈር ስንት እንደሚኖሩ የሚያሳዩ ዝርዝር ሰንጠረዦች ለሠራዊቱ ሰጥቷል። ስም የለበትም፣ ቁጥር ብቻ ነው። አስተውሉ፣ ቁጥሩ ብቻ ሰው ለመሰብሰብ በቃ። ዊልያም ሴልትዘርና ማርጎ አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2007 ሰነድ አገኙ። በ1943 በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖሩ የ79 ሰዎች ስምና አድራሻ ጭምር ተላልፎ ተሰጥቶ ነበር።

በ1940 በሩን ከፍቶ የመለሰው ሰው ጥያቄዎቹ ምንም የማይጎዱ መስለውት ነበር። የዛሬው ፋይል የሚነበበው ዛሬ ባለው መንግሥትና ዛሬ ባለው ሰላም ብቻ አይደለም።

ሆላንድንም አስቡ። እዚያ ዳሰሳ ሳይሆን የነዋሪዎች መዝገብ ነው፣ ልዩነቱን አውቃለሁ። በጥሩ ሁኔታ የተደራጀ፣ ሃይማኖትን የሚጨምር መዝገብ ነበር። ናዚዎች አገሪቱን ሲይዙ አይሁዶችን ለይተው የሚያገኙበት መዝገብ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። መጋቢት 27 ቀን 1943 የተቃውሞው አባላት የአምስተርዳምን መዝገብ ቤት ያቃጠሉት ለዚህ ነው። ከተሳተፉት ውስጥ 12ቱ ተይዘው ተረሸኑ። ወረቀት ለማቃጠል ነው ሕይወታቸውን የሰጡት።

ጥሩ ምሳሌም አለ። ምዕራብ ጀርመን በ1983 ቆጠራ ልታደርግ ስትል ሕዝቡ ተቃወመ። አንዱ ምክንያት የከተማ አስተዳደሮች በቆጠራው መልስ የራሳቸውን የነዋሪ መዝገብ እንዲያርሙ ሊፈቀድላቸው መሆኑ ነበር። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ ይሄን አልተቀበለም። ለስታቲስቲክስ የተሰጠ መልስ በዚያው ሰው ላይ ለሚወሰን ነገር አይውልም አለ። ቆጠራው ተስተካክሎ በ1987 ተካሄደ። በ1994 የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ያጸደቃቸው መሠረታዊ መርሆች ላይም 6ኛው ይሄው ነው፣ የግለሰብ መረጃ በጥብቅ ሚስጥር ይያዛል፣ ለስታቲስቲክስ ብቻ ይውላል።

ቁጥር ወዳድ፦

የምጠቀምበት፣ ክርክርህ ትክክለኛ ነው። አንድ ዓይነት ፋይል ለሁሉም ሰው መስጠት የለብንም፣ ለዚህም መፍትሔ አለ። ለማንም ክፍት የሆነው ፋይል ዝርዝሩ የተቀነሰለት ይሁን። ዝርዝሩን የሚፈልግ ተመራማሪ ማንነቱን አስመዝግቦ፣ ለምን እንደሚፈልገው ጽፎ፣ ማንንም ለመለየት እንደማይሞክር ፈርሞ ይውሰድ። በጣም ስሱ የሆነው ደግሞ ከቢሮው አይወጣም፣ ተመራማሪው እዚያው ባለ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ይዞ የሚወጣውን ሰንጠረዥ ሰው አይቶ ያሳልፍለታል። ብዙ አገሮች እንዲህ ነው የሚሠሩት። አንተም የክትባት ካርታህን ታገኛለህ።

ሰንጠረዥ ብቻ ማውጣትም ከአደጋ ነፃ አይደለም። በአንድ አካባቢ 20 ነርሶች አሉ፣ አማካይ ገቢያቸው 9,000 ነው ብለን አወጣን እንበል። በሚቀጥለው ዙር 21 ነርሶች፣ አማካይ 9,400። የነባሮቹ ገቢ ካልተቀየረ 21 በ9,400 ሲባዛ 197,400 ነው፣ 20 በ9,000 ደግሞ 180,000። አዲሷ ነርስ የምታገኘው 17,400 ነው። ማንም ፋይል አልሰረቀም። መቀነስ ብቻ ነው።

ይሄ በትልቁ ሲሠራ ምን እንደሚሆን የአሜሪካ የቆጠራ ቢሮ በራሱ ላይ ሞክሮታል። የ2010 ቆጠራ ሰንጠረዦቹን ብቻ ወስዶ የእያንዳንዱን ሰው ረድፍ መልሶ ለመሥራት ሞከረ። ከሕዝቡ 46 በመቶው ላይ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ዘርና የሚኖርበት ብሎክ (ቆጠራው የሚጠቀምበት ትንሹ የሰፈር ክፍል) በትክክል ገጠመ። ከገበያ ከሚገኙ የስም ፋይሎች ጋር ሲያዛምደው የ17 በመቶው ማንነት ልክ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ነው በ2020 ዲፈረንሻል ፕራይቨሲ ወደሚባለው ዘዴ የሄዱት። ሲንቲያ ድወርክና ባልደረቦቿ በ2006 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። በየሰንጠረዡ ላይ በስሌት የተመጠነ ትንሽ የዘፈቀደ ስህተት ይጨመራል፣ አንድ ሰው ቢኖርም ባይኖርም ውጤቱ እምብዛም እንዳይለወጥ። የአጠቃላዩ ቁጥር ብዙ አይነካም፣ የትናንሽ ቦታዎች ግን ይዛባል። በዚህም ብዙ ተጣልተዋል፣ አላባማ ግዛት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳለች። የተጣሉት ሁለቱም ወገኖች የሚሉት ነገር ነበራቸው ብዬ አምናለሁ።

ለአንቺ ፋይል ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ለወደፊት ለስሱ ጥያቄ የሚሆን የቆየ ዘዴ ልንገርሽ፣ መነሻው ስታንሊ ዋርነር በ1965 ያቀረበው ነው። ቀላሉ መልኩ እንዲህ ነው። መልስ ሰጪው ብቻውን ሳንቲም ይወረውራል፣ ውጤቱን አያሳይሽም። ጎፈር ከወጣ እውነቱ ምንም ይሁን "አዎ" ይላል፣ ዘውድ ከወጣ እውነቱን ይናገራል። ከ1,000 ሰው 620 "አዎ" ቢሉ 500 ያህሉ ሳንቲሙ ያናገራቸው ናቸው። ከቀሩት 500 ውስጥ 120ው እውነተኛ "አዎ" ነው፣ 24 በመቶ ገደማ። አንቺ መልሱን አገኘሽ። የማንኛቸውም "አዎ" ግን ምን ማለት እንደሆነ አንቺም አታውቂም፣ ታብሌቱን የሰረቀም አያውቅም።

የምጠቀምበት፦

አስመዝግቦና ፈርሞ መውሰዱን እቀበላለሁ። ግን ፈቃዱ ስድስት ወር አይፍጅ፣ እባካችሁ። ብዙ ጊዜ "ሚስጥር ነው" የሚለው ቃል ሥራ ላለመሥራት ሽፋን ሲሆን አይቻለሁ። የድሮ መዝገብ፣ ስለ ሆላንዱ አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

ፋይሏን የያዘችው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ቀን ሠርቼበት ነው የተመለስኩት።

ስድስት ዓምዶች ብቻ ወስጄ ብቻቸውን የቆሙትን ቆጠርኩ። ጥቂት ይሆናሉ ብዬ ነበር፣ ማያ ገጹ ሞልቶ ወረደ። "ሌላ ካለ ይግለጹ" የሚለውንም አነበብኩት፣ ቁጥር ወዳድ እንዳልከው የሰው ስም አለበት። አንዱን የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ለአለቃዬ የሐኪሟን ረድፍ ማሳየት አልፈለግኩም፣ እሱም መግለጥ ነው። በእሷ ፋንታ የራሳቸውን ዕድሜ፣ ሙያ፣ የልጆች ቁጥርና ሰፈር ወረቀት ላይ ጽፌ "ይሄ ሰው ማነው?" አልኳቸው። ወረቀቱን ትንሽ አዩትና "ስንት ቀን ትፈልጊያለሽ?" አሉኝ። አስር ቀን ተጨመረልኝ። የዝርዝሩ ፋይል በፊርማ ብቻ እንዲሰጥ ማመልከቻ ቅጹን እያዘጋጀሁ ነው። የምጠቀምበት፣ ምላሹ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲሰጥ ጽፌበታለሁ፣ ይፈቀድ አይፈቀድ ገና አልታወቀም።

ሰባት ዙር፣ ስለ ታብሌቶቹ ጠየቅኩ። መጋዘን ውስጥ ናቸው፣ አልጠፉም፣ መረጃው እላያቸው ላይ አለ። ነገ ከአይቲ ክፍል ልጅ ጋር ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እናጸዳቸዋለን። ለሚቀጥለው ዙር ሥልጠና ላይ ደግሞ ሰው መሐል ሲገባ ርዕስ እንዴት እንደሚቀየር የምታሳዩበት ጽሑፍ ካለህ ላክልኝ። ከቴሌግራሙ ግሩፕ ፎቶዎቹን እንዲያጠፉ ዛሬ ጠዋት ለሁሉም ጽፌያለሁ። እስካሁን ግማሾቹ መልሰዋል፣ ለቀሩት ማታ እደውላለሁ።